እርድ፣ ዕጣን፣ ጥቁር አዝሙድ፦ ለአከርካሪ ብግነት የቱ ይሠራል?

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ወገብ ናቸው። ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ቀጭ ስላለ ወገብ አይደለም። በወጣትነት ስለሚጀምረው፣ ጠዋት ከአልጋ አላስነሳ ስለሚለው፣ ሐኪሞች አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ስለሚሉት የአከርካሪ ብግነት ነው። ብግነት ስል መገጣጠሚያው ከውስጥ ሲቆጣና ሲያብጥ ማለቴ ነው። ሁሉም ጠያቂ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚያነሳው ነገር ያው ነው፤ የኛ ቅጠላ ቅጠልና ቅመም ይሄን በሽታ አይችለውም ወይ? ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረን፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳየውን አውጥተን እነሆ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል። መጀመሪያ ኩላሊት ነው ተባልኩ፣ ቀጥሎ ዲስክ፣ ከዚያ ብርድ ነው ተባለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሕመሙ ይቀሰቅሰኛል። ጠዋት ካልሲ ለማድረግ እንኳ መታጠፍ ያቅተኛል። ሥራ ገብቼ ስንቀሳቀስ ግን ይለቀኛል። በመጨረሻ ደሴ ያየኝ ሐኪም አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ነው ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ እርድ በወተት አድርገህ ቁንዶ በርበሬ ጣል አድርግበትና ጠጣ፣ ኪኒኑን ተወው ይለኛል። ኢንተርኔት ላይም እርድ ብግነት ያጠፋል ይላል። ልተወው?

መልስ፦ ኪኒኑን አትተው። ወተቱን መጠጣት ትችላለህ።

በመጀመሪያ ስለ ሕመምህ። የጻፍከው ነገር ሐኪሞች የሚፈልጉት ምልክት ራሱ ነው። ከ45 ዓመት በፊት ይጀምራል፣ ከ3 ወር በላይ ይቆያል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅሳል፣ ዕረፍት አያሽለውም፣ እንቅስቃሴ ያሽለዋል። የዲስክ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲተኙበት ይረግባል፣ ሲሠሩበት ይብሳል። ያንተ በሽታ የሰውነት የመከላከያ ኃይል የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጅማት ከአጥንት ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ያጠቃል፣ ብዙ ጊዜም አከርካሪ ከዳሌ ጋር ከሚገናኝበት መገጣጠሚያ ይጀምራል። ሰውነት ጉዳቱን እጠግናለሁ ሲል አዲስ አጥንት ይሠራል፣ ያ አጥንት በዓመታት ውስጥ አከርካሪዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ራጅ ላይ ለውጡ እስኪታይ ዓመታት ስለሚፈጅ ነው ብዙ ሰው ኩላሊት ነው፣ ብርድ ነው እየተባለ የሚንከራተተው። ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል።

አሁን ወደ እርዱ። ባልደረባህ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። እርድ ውስጥ ኩርኩሚን የሚባል ቢጫ ውህድ አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሎች ላይ ሲደረግ፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለውን የብግነት ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ዝቅ ያደርገዋል። ያ ሲሆን ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካልም ይቀንሳል። ቲኤንኤፍ አልፋ ደግሞ ያንተ በሽታ ውስጥ ዋነኛ ተዋናይ ነው፤ ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት ውድ መርፌዎች ብዙዎቹ የሚያግዱት እሱን ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች እርድን በትኩረት ማየታቸው ተገቢ ነው።

ችግሩ ያለው ከብርጭቆህ እስከ ወገብህ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከእርድ ዱቄት ውስጥ ኩርኩሚን የሚሆነው ከመቶ 3 እጅ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል፤ ውስጡ ያለው ኩርኩሚን 90 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ጥናቶች ላይ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። 2 ግራም ኩርኩሚን ከዱቄት ላግኝ ካልክ በቀን ከ60 ግራም በላይ እርድ መዋጥ ሊኖርብህ ነው፣ ያን የሚችል ጨጓራ የለም። የገባውም ቢሆን አብዛኛው ወደ ደም አይደርስም። አንጀትና ጉበት ወዲያው ቀይረው ያስወጡታል።

ቁንዶ በርበሬው እዚህ ላይ ነው የሚገባው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሕንድ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ለሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሲሰጣቸው ደማቸው ውስጥ የገባው ኩርኩሚን ወደ 20 እጥፍ ጨምሯል። ፒፐሪን ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር ነው። ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን መነሻው እጅግ ትንሽ ስለነበር 20 እጥፉም ቢሆን ብዙ አይደለም። ሌላም አለ። ፒፐሪን ኩርኩሚንን የሚያሳልፈው የጉበትን ሥራ በማዘግየት ነው፣ ጉበት ደግሞ ሌላ መድኃኒትም የሚያጣራው በዚያው መንገድ ነው። እንደ ፌኒቶይን ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፒፐሪን በካፕሱል ቢወስድ የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ሊጨምር ይችላል። ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ቁንዶ በርበሬ ግን ማንንም አያሳስበውም።

በሰው ላይ ምን ታየ? ለጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የተጠናከረ ኩርኩሚን ሕመም እንደሚቀንስ ያሳዩ ሙከራዎች አሉ። ባንተ በሽታ በተያዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ኢራን ውስጥ ትንሽ ሙከራ ተደርጎ፣ በጣም ደቅቆ የተዘጋጀ ኩርኩሚን ብግነትን የሚያረግቡ የመከላከያ ሴሎችን ከፍ አድርጓል። ደስ የሚል ጅምር ነው። አከርካሪው እንዳይጣበቅ እንደሚያደርግ ግን አላሳየም፣ ዳይክሎፌናክን እንደሚተካም አላሳየም።

ስለዚህ እርዱን በአልጫህም በወተትህም አድርገው፣ ምንም አይደል። ዱቄቱን ከምትገዛ ደረቁን እርድ ገዝተህ ብታስፈጭ እመርጣለሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ ቀለሙ እንዲደምቅ ብለው ሊድ ያለበት ቢጫ ቀለም ሲቀላቅሉበት ተይዘዋል፣ ሊድ ደግሞ መርዝ ነው። የተጠናከረውን የኩርኩሚን ካፕሱል ግን በራስህ አትጀምር። ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። ዓይንህ ቢጫ ቢሆን፣ ሽንትህ ቢጠቁር ወዲያው አቁመህ ታይ።

ዳይክሎፌናኩን ምግብ በልተህ ዋጠው። ከአይቡፕሮፌን ጋር አትደርበው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሲደረቡ ጨጓራን ነው የሚያቆስሉት። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወደ ሐኪም ሩጥ። ደም ግፊትህንና ኩላሊትህን አልፎ አልፎ አስመርምር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካላሻለህ ‹‹መድኃኒቱ አልሠራም›› ብለህ ሁሉንም አትጣል። ሐኪሙ ከዚያው ቤተሰብ ሌላ ይቀይርልሃል፤ ለአንዱ ያልሆነው ለሌላው ይሆናል። ሲጋራ ካለ ግን ተወው። የሚያጨሱ ሰዎች አከርካሪ ፈጥኖ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። ልጄ 24 ዓመቱ ነው፣ ይሄው የአከርካሪ በሽታ አለበት። የባህል መድኃኒት ዱቄት ገዝተንለት በሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር። አሁን ወራት አልፈውታል። ፊቱ ሞልቶ ክብ ሆኗል፣ ጎረቤት አማረበት ይለኛል፣ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ዱቄቱ ያለቀበት ቀን ከአልጋ አይነሳም፣ ያቅለሸልሸዋል፣ አቅም ያጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ደስ ያላለዎት በከንቱ አይደለም። ልጁን ዱቄቱን አስይዘው ሆስፒታል ይውሰዱት። እስከዚያ ድረስ ግን ዱቄቱን በድንገት አያስቁሙት።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ቅጠልና ሥር ለእንዲህ ያለ ብግነት ቢሠሩ እንኳ የሚሠሩት ቀስ እያሉ ነው። በሁለት ቀን ሰው ከአልጋ የሚያስነሳ፣ ፊት የሚሞላ፣ ሲቋረጥ የሚጥል ነገር ስቴሮይድ የሚባለው ብግነትን በኃይል የሚያረግብ መድኃኒት ጠባይ ነው። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባሉትን የስቴሮይድ ኪኒኖች ፈጭቶ ከቅጠል ዱቄት ጋር የሚቀላቅል ሰው በብዙ አገር ተይዟል። በ2022 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አርትሪ ኪንግ ስለሚባል የመገጣጠሚያ ኪኒን ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዕቃው ላይ የተጻፈው የተፈጥሮ ነገር ነበር፣ ሲመረመር ግን ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኘበት። የእርስዎን ዱቄት አይቼ አልመረመርኩትም፣ ሻጩንም አላውቀውም፤ የልጁ ምልክት ግን በትክክል ይሄንን ይመስላል።

በድንገት አያቁም ያልኩት ከኩላሊት በላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ስላሉ ነው። የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ከውጭ ለወራት ሲገባላቸው ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ሲቋረጥባቸው ደግሞ ወዲያው አይነሱም። ማቅለሽለሹ፣ አቅም ማጣቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ደም ግፊት ወርዶ እስከ መሞት የሚያደርስ ነገር ነው። ካስታወከ፣ ራሱን ከሳተ ነገ አይበሉ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ በመጠን እየቀነሰ ያስጥለዋል።

ስኳሩን፣ ደም ግፊቱንም ያዩለት። ቲቢ እንዳለበትም ይመርመር፣ ስቴሮይድ የተኛ ቲቢን ይቀሰቅሳል። ለአከርካሪ ብግነት ስቴሮይድ ኪኒን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ከመጀመሪያውም አይመከርም፣ ይህ በሽታ ራሱ የሚያሳሳውን አጥንት ጭራሽ ያሳሳዋል። ለሐኪሙ ደግሞ ሁሉንም ይንገሩት። ይቆጣኛል ብለው አይደብቁ፤ ቢቆጣም ይንገሩት። ልጁን የሚያድነው ያ መረጃ ነው።

ጥያቄ፦ ዕጣን ለመገጣጠሚያ መድኃኒት ነው የሚል ቪዲዮ አየሁ። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል። እሱን ብምገው ይጠቅመኛል? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ ጭሱ አይጠቅምሽም። ጥናቱ የሚያወራው ስለ ሙጫው ነው። ሕንድ ውስጥ ካለው የዕጣን ዛፍ ሙጫ ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉ ውህዶች ይወጣሉ። እነሱ ከብግነት ኬሚካሎች መካከል ሉኮትራይን የሚባሉትን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳሉ። የሚገርመው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በሌላ በር ነው የሚገቡት፣ ይሄኛውን በር አይነኩትም። ለዚህ ነው ዕጣን ተመራማሪን የሚስበው። የኛ አገር ዕጣን ዛፍ የሕንዱ ዘመድ ነው፣ ሙጫውም ቦስዌሊክ አሲድ አለው። እኛ ግን በጥሬው እንሸጠዋለን፣ ሌላው አገር አጣርቶ በካፕሱል ይሸጠዋል። ይሄ ያስቆጨኛል።

በሰው ላይ የተሞከረው በአብዛኛው ለጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ነው፣ እዚያ ሕመም ቀንሷል። ለአከርካሪ ብግነት ግን ያን ያህል የሚያስተማምን ሙከራ የለም። ሙጫውን እየፈጩ መዋጥም አይሆንም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ሆድ ያውካል። ቡናሽን ከነዕጣኑ በሰላም ጠጪ፣ መስኮት ግን ክፈቺ።

ጥያቄ፦ ጥቁር አዝሙድ በሐዲስም የተመሰገነ ነው። ዘይቱን ለወገቤ እጠጣለሁ። ረመዳን ላይ ኪኒኑን ትቼ በእሱ ብቻ ብውል ምን አለበት? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጥቁር አዝሙድ ክብር ይገባዋል። ቲሞኪኖን የሚባል ውህዱ በቤተ ሙከራ ብግነት ይቀንሳል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ሌላ የመገጣጠሚያ ብግነት ባለባቸው ሴቶች ላይ በተደረገ አነስተኛ ሙከራ ዘይቱ ያበጡ መገጣጠሚያዎችን ቀንሷል። ሩማቶይድና ያንተ በሽታ ግን የተለያዩ ናቸው። ሕክምና ፈልጉ የሚለውም ትምህርት እዚያው ሃይማኖት ውስጥ አለ፣ ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት አያስፈልግህም። ዘይቱን በትንሹ ከወሰድክ አልከለክልህም፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት ኪኒን ካለህ ግን ንገረን፣ ሁለቱንም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ረመዳን ላይ ብዙዎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ከኢፍጣርና ከሱሑር ምግብ በኋላ እንዲወሰዱ ሆነው ሊታዘዙ ይችላሉ። ወሩ ሳይገባ ሐኪምህን ጠይቀው። በባዶ ሆድ ግን አትዋጣቸው።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ዕፅ ውህዶች ሳነብ ትሪፕቶላይድ፣ ሲኖሜኒን፣ ኩዌርሴቲን፣ ሬስቬራትሮል እያለ ይቀጥላል። ሁሉም ‹‹ተስፋ ሰጪ›› ናቸው ይላል። ታዲያ ለምን ፋርማሲ አናገኛቸውም? የኛ አገር ዕፅስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ብዙዎቹ ‹‹ተስፋ ሰጪ›› የሚባሉት ሳህን ላይ ባለ ሴል ወይም በአይጥ ላይ ነው። ሳህን ላይ ጉበት የለም፣ አንጀት የለም። ኩዌርሴቲን ቀይ ሽንኩርት ውስጥ አለ፣ ሬስቬራትሮል የወይን ልጣጭ ውስጥ። ሁለቱም ሴል ላይ ሲንጠባጠቡ ግሩም ናቸው፣ ሰው ሲውጣቸው ግን እንደ ኩርኩሚን ወዲያው ይለወጣሉ። የአከርካሪ ብግነት ደግሞ በአይጥ ላይ አምጥቶ ለማጥናት የሚከብድ በሽታ ነው። ከኤችኤልኤ-ቢ27 ጂን ጋር የተያያዘ ነው፤ ጂኑ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች አይታመሙም፣ ከታመሙት ግን ብዙዎቹ አላቸው። ይሄን ውስብስብ ነገር በላብራቶሪ መኮረጅ ቀላል አይደለም። ኢንተርሉኪን 17 የሚባለው የብግነት ኬሚካል ትልቅ ቦታ እንዳለው እንኳ በደንብ የተረጋገጠው እሱን የሚያግዱ መርፌዎች በሰው ላይ ሠርተው ሲታዩ ነው።

ትሪፕቶላይድ ግን የተለየ ነው፣ እሱ በእርግጥ ኃይለኛ ነው። ቻይና ውስጥ ካለ ሐረግ ሥር ይወጣል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከታወቁ መድኃኒቶች ጋር ተወዳድሮ የማይናቅ ውጤት አሳይቷል። ከዚያስ? የወንድ ዘር ይቀንሳል፣ የሴት የወር አበባ ያቋርጣል፣ ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ የሐረጉ ቅጠልና አበባ ሰው ገድሏል። በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ይሄን ንገረው። ሲኖሜኒን ሻል ይላል፣ እሱም ከሐረግ ነው፣ ቻይና ውስጥ ለሩማቶይድ በሕጋዊ መድኃኒትነት ይታዘዛል።

ከዕፅ ተነስቶ እስከ መጨረሻ የደረሰም አለ። ኮምቦልቻም ባቲም ያለ ሰው ኮአርተምን ያውቀዋል፣ የወባ ኪኒን። ውስጡ ያለው አርቴሜተር የሚሠራው አርቴሚሲኒን ከሚባል የዕፅ ውህድ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅጠሉን በሙቅ ውሃ መቀቀሉን ትታ ኤተር በሚባል ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው ነው ኃይሉን የጠበቀው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። አሁን አስተውል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያንኑ ቅጠል በሻይ መልክ ለወባ መጠጣትን አይደግፍም። መድኃኒቱ ከቅጠሉ ነው የወጣው፣ ሻዩ ግን መጠኑ ስለማይታወቅ ወባውን ሳይገድል ሊያላምደው ይችላል።

የሕመም ማስታገሻም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ስቶን በ1763 የአኻያ ልጣጭ ትኩሳት እንደሚያበርድ ጻፈ። ከዚያ ልጣጭ ሳሊሲን ተገኘ፣ በ1897 ባየር ኩባንያ ውስጥ አስፕሪን ተሠራ። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ሳሊሲሌት ሰልፋ ከሚባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጋር አጣምራ ሰልፋሳላዚን እንዲሠራ አደረገች። ዛሬም ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱ ላበጠ የአከርካሪ ብግነት ታማሚ ይታዘዛል። ለጀርባው ግን ብዙም አይረዳም። አኻያ ደሴ ዙሪያ ወንዝ ዳር ስታይ ይሄን አስበው።

የኛዎቹን በተመለከተ፣ ዳማ ከሴ በአይጥ ላይ ሕመምና እብጠት እንደሚቀንስ አገር ውስጥ ተጠንቷል። ግዛዋ ሕንዶች አሽዋጋንዳ የሚሉት ዕፅ ራሱ ነው፣ ብዙ ተጽፎለታል፤ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ከዚህ አልፎ እስከማውቀው በአከርካሪ ታማሚ ላይ የተሞከረ የለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ በሽታን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያይ ነው ምርምሩን የጀመረው። አንተም ተማሪ ነህ፣ ዕፆቹ ደጅህ ናቸው፣ ታማሚውም እዚሁ ነው። ሳሊሲሌት የጀመረው ከወንዝ ዳር ልጣጭ ከሆነ፣ ቀጣዩ ከጦሳ ተራራ ሥር የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስፈልገው መለካት ነው፣ ስንት ሚሊግራም፣ ለማን፣ ለስንት ጊዜ።

ጥያቄ፦ አባቴ ኩታበር ገበሬ ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ ነው። ወገቡን ካመመው ሁለት ወር አለፈው። ማታ ማታ ያልበዋል፣ ትኩሳት ውል ይልበታል፣ ከስቷል። ዳማ ከሴ እየጨመቅን እናጠጣዋለን። የአከርካሪ ብግነት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚመስለኝ ሌላ ነገር ነው፣ ጊዜ የሚሰጥም አይደለም። በዚህ ዕድሜ የጀመረ፣ ላብና ትኩሳት ያለው፣ ክብደት የቀነሰ የወገብ ሕመም በኛ አገር ሁለት ነገር ያሳስባል። አንደኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሳል ላይኖረው ይችላል። ሁለተኛው ብሩሴላ ነው፤ ካልተፈላ ወተት፣ ወይም ከብት ሲወልድና ሲያስወርድ በእጅ ከመንካት ይመጣል፣ እሱም ልክ እንደ አከርካሪ ብግነት የዳሌውን መገጣጠሚያ ያቃጥላል። ሁለቱም በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናሉ። የቲቢው ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። የአጥንት ከሆነ ከተለመደው 6 ወር ሊረዝም ይችላል።

ዳማ ከሴ ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ቢያበርድ እንኳ ጀርሙን አይነካውም፤ እንዲያውም የሻለው መስሏችሁ ቀን ያልፋል። በዚህ ሳምንት ደሴ አምጪው። እግሩ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ሽንቱ ከተያዘ ወይም ካመለጠው በዚያኑ ዕለት። ወተት ደግሞ ለሁላችሁም አፍልታችሁ ጠጡ።

ጥያቄ፦ የአከርካሪ ብግነት አለብኝ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ኪኒን ፈርቼ ጤና አዳም በቡና እጠጣለሁ፣ አብሽም በጥብጬ። ችግር አለው?

መልስ፦ ጤና አዳሙን አቁሚው። ማሕፀን የሚያኮማትር ባሕርይ አለው፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ጨፍልቀሽ ጀርባሽ ላይም አትቀቢው። የተቀባው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥልና ውሃ የሚቋጥር ቁስል ያወጣል። አብሽ ወጥ ውስጥ ያለው ምንም አይልሽም፣ በብርጭቆ እየበጠበጡ በየቀኑ መጠጣቱን ግን እስክትወልጂ ተዪው። ኪኒን መፍራትሽ ገብቶኛል። ግን ሁሉም አንድ አይደለም፤ ሜቶትሬክሴት የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት መድኃኒት በእርግዝና ፈጽሞ አይወሰድም፣ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይከለከላሉ፣ ፓራሲታሞል ግን በመጠኑ ይፈቀዳል። የእርግዝና ክትትል ላይ ይሄ በሽታ እንዳለብሽ ንገሪያቸው። ለወሊድ ወገብ ላይ የሚሰጠው ማደንዘዣ ላንቺ ሊያስቸግር ስለሚችል ቀድመው ቢያውቁ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰጋጅ ነኝ፣ ሩኩዕ ላይ ወገቤ አልታጠፍ ብሏል። ወጌሻ ጋ ሄጄ ብታሽ፣ ቀጭ ቢያደርገው ይከፈትልኛል? (ከደሴ፣ 38 ዓመት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም። የተጣበቀ አከርካሪ ከውጭ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ከውስጥ የሳሳ ነው፣ በትንሽ ጉልበት ይሰበራል። ሲሰበር ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩን ይዞ ይሄዳል። ጀርባህን ማንም አይጫን፣ አያጣምም፣ አያንቋቋ። ቀላል መታሸትና ሙቅ ውሃ ይበቃሃል።

መታጠፍህን የሚለኩበት መንገድ አለ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ ጠይቃቸው። ከወገብህ በታች ባሉት ሁለት ጎድጓዶች መካከል ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሌላ። ጎንበስ ስትል በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ ወደ 15 መድረስ አለበት። በየጊዜው ከተለካ መባባሱና መሻሉ ይታወቃል።

እንቅስቃሴ ለዚህ በሽታ ከየትኛውም ዕፅ በላይ የተረጋገጠ ነገር ነው። ጠዋት ሙቅ ውሃ ወገብህ ላይ አፍስስ፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፈህ ተረከዝህን፣ መቀመጫህን፣ ትከሻህን፣ ቢቻል የራስህን ጀርባ ግድግዳው ላይ አስነካ። በረጅሙ ተንፍስ፣ ደረትህ ይከፈት፤ ይሄ በሽታ የጎድን አጥንት መገጣጠሚያንም ይይዛል። ቀን ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል በሆድህ ተኛ። ማታ ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ ቀጭን ትራስ። ደሴ ዳገት አያጣም፣ በእግርህ ሂድ። ጫት ላይ ለሰዓታት ተደግፎ መዋል ግን ወገቡን ያደርቀዋል፣ ካለ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ተንጠራራ። ሶላቱን እስክትሻል ድረስ በምትችለው ልክ ስገድ፣ እልህ ይዞህ አታጣምመው።

ጥያቄ፦ ይሄው በሽታ አለብኝ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ዓይኔ ቀልቶ ያመኛል፣ ብርሃን ማየት አልችልም። እናቴ ምች ነው ብላ ቅጠል አሽታልኛለች።

መልስ፦ ይሄ ደብዳቤ ሲደርሰን በስልክ መልሰናል፣ እዚህ የምናወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። የአከርካሪ ብግነት ያለበት ሰው አንድ ዓይኑ በድንገት ቀልቶ ካመመውና ብርሃን ካስጠላው፣ የዓይን ውስጠኛው ክፍል ብግነት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ዩቪያይተስ ነው። ቅጠል፣ ማር፣ የእናት ወተት፣ ምንም ዓይን ውስጥ አይግባ። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝታችሁ በራሳችሁ አታንጠባጥቡ፣ ዓይን ውስጥ ሌላ ቁስል ካለ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያባብሰዋል። የዓይን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በዚያኑ ዕለት ሂዱ፣ በሩ ላይም ‹‹የአከርካሪ ብግነት አለብኝ›› በሉ። በቶሎ የታከመ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል።